የወፏ አገር የት ነው?

ጎንደር አራዳ ላይ ከማታውቀው ሰው ጋር ቡና ስትጠጣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «አገርህ የት ነው?» ብዙ ጊዜ ዘመድ ፍለጋ ነው። አንዳንዴ ግን «መቼ መጣህ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ከኋላው ያደባል። «ነባር» እና «መጤ» የሚሉት ቃላት በዚህች አገር ስንቱን ከቤቱ እንዳስወጡ እናውቃለን። ታዲያ ቀድሞ መገኘት መብት ይሰጣል?

ጥያቄውን ለአንዲት ወፍ እናቅርበው። ጉንጯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት፣ ደረቷ አረንጓዴ፣ ስትበር ክንፏ ደም የሚመስል ቱራኮ በደጋው ደን ትኖራለች። የክንፏ ቅላት የሚገኘው መዳብ ካለበት ቀለም ነው። አገሯ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ደቡብ ሱዳን ብቻ ነው። የቱራኮ ቤተሰብ በሙሉም ዛሬ ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ ውጭ የለም። ከዚህ በላይ ነባር ከየት ይመጣል?

ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ዳንኤል ፊልድና አሊሰን ሺያንግ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ የተገኘን የ52 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል መርምረው የቱራኮዎች ጥንታዊ ዘመድ ሆኖ እንዳገኙት አሳተሙ። ስሙ ፎሮ ፓናሪየም ነው። ያኔ ምድር በጣም ሞቃት ነበረች፤ ዋዮሚንግም ለምለም ነበረች። በኋላ ዓለም ቀዘቀዘ። የሰሜኖቹ ጠፉ፤ የአፍሪካዎቹ ቀሩ።

የኛ ደጋስ? አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ የከመረው ነው። መጤ ነች እንዳትል ዘሯ ከተራራው ይቀድማል፤ ነባር ነች እንዳትል ዘመዷ ዋዮሚንግ ተቀብሯል። ማን እንደቀደመ የሚወሰነው ቆጠራው ከየት እንደተጀመረ ነው፤ ቆጣሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ለራሱ ከሚመቸው ቀን ነው።

«እንግዲያው ሁላችንም መጤ ነን፤ ቦታ ትርጉም የለውም» የሚል ይኖራል። እንዴት ሆኖ! መሬቱን የተነጠቀ ገበሬ «እኔ ነበርኩበት» ሲል ስለ ሚሊዮን ዓመት አያወራም፤ ስለ እርሻው ነው። እውነት አለው። እውነቱ ግን የሚመነጨው ከመቅደሙ ሳይሆን ከመበደሉ ነው።

ቱራኮዋም ደኗ ከተመነጠረ መሄጃ የላትም። በሰሜኑ ደጋ ከቀረው የጽድና የወይራ ደን ብዙው ያለው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። እሷ ፍሬ እየበላች ዘሩን ትበትናለች። «ስለዚህ ትጠቅማለችና ትኑር» ልንል ይቃጣናል። ይሄ መለኪያ ግን ያስፈራል፤ ነገ «አንተስ ምን ጠቀምክ?» ይላል። ምንም የማይተክል አዛውንትም ቤቱ የማደር መብት አለው።

ለእኔ ከዕድሜውም ከጥቅሙም የሚበልጠው ይሄ ነው፦ አንድ ፍጡር ሕይወቱ እዚህ ከሆነና ሌላ መሄጃ ከሌለው፣ ያ ብቻውን ግዴታ ይጥልብናል። «ነባር ነኝ» የሚል ካለም ቃሉ ማዕረግ አይሁንበት፤ ኃላፊነት ይሁንበት። ቤት ውስጥ ቀድሞ የገባ ሰው ሥራው፣ ለሚያንኳኳው በር መክፈት ነው።