ስም የለሽ ገንዘብ፣ ባለስም አባል

ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር የሚሠሩ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ሥራቸውን አይሸጡም። ማንም ሰው ፕሮግራሙን ያለ ክፍያ ያወርዳል፣ ኮዱን ገልጦ ያያል፣ ያሻሽላል፣ ለሌላው ያካፍላል። ስለዚህ ከኩባንያዎች ከሚያገኙት ድጋፍ ሌላ ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በሁለት ገቢዎች ነው፤ በስጦታና በአባልነት መዋጮ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ አንዳንዶቹ ይህን ገንዘብ በቢትኮይንና በመሰል ክሪፕቶከረንሲዎች መቀበል ጀምረዋል። ላይ ላዩን ሲታይ ነገሩ የአከፋፈል ጉዳይ ነው። ጠለቅ ሲባል ግን ስጦታ ስጦታ የሚሆነው፣ አባልም አባል የሚሆነው በምንድን ነው የሚል ጥያቄ ያስነሣል፤ ያለ ባንክና ያለ መታወቂያ የሚንቀሳቀስ ገንዘብ ለሁለቱ እኩል አይስማማምና።

ልማዱን ካስፋፉት ነገሮች አንዱ ክልከላ ነው። በዲሴምበር 2010 ቪዛ፣ ማስተርካርድና ፔይፓል ሾልከው የወጡ ሰነዶችን ለሚያትመው ለዊኪሊክስ የሚላከውን መዋጮ አገዱ። ያገደው ፍርድ ቤት አልነበረም፤ ኩባንያዎቹ በራሳቸው ውሳኔ ነው ያቋረጡት። በጁን 2011 ዊኪሊክስ ቢትኮይን መቀበል ጀመረ። ሰጪና ተቀባይ ከተስማሙ ሦስተኛ ወገን ምን አገባው የሚለው ሐሳብም የክሪፕቶ ደጋፊዎች ዋና መከራከሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 የመሠረተው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን እንዲሁ ቢትኮይን መቀበል ጀመረ። በዚህ ድርጅት ዓይን ጉዳዩ ሌላ መልክም አለው። ብዙዎቹ የካርድ መክፈያዎች ኮዱ የተቆለፈ ፕሮግራም በከፋዩ ኮምፒውተር ላይ ያስኬዳሉ፤ የቢትኮይን ፕሮግራም ግን በ2009 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ስለ ሶፍትዌር ነጻነት የሚከራከር ድርጅት ደጋፊዎቹን በተቆለፈ ፕሮግራም በኩል እንዲያልፉ ቢያስገድድ ከራሱ ቃል ጋር ይጣላል። በዚህ ነጥብ ላይ እውነት አለው።

ይሁን እንጂ አንድን ገንዘብ መቀበል መቀበል ብቻ ሆኖ አይቀርም። የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ቢትኮይን መቀበል ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ በጁን 2011 አቆመ። ሕጉ አልጠራም፤ ሰዎችም መቀበሉን ለቢትኮይን እንደተሰጠ ምስክርነት ይቆጥሩት ነበር። በ2013 ተመልሶ መቀበል ጀመረ። የፋየርፎክስ አሳሽ ሠሪው ሞዚላ በ2014 ጀምሮ ነበር፤ በ2021 መጨረሻ መቀበሉን በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያስታውስ ግን ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ጄሚ ዛዊንስኪ በኃይል ወቀሰው፤ በጃንዋሪ 2022 ለጊዜው አቆመ። የወቀሳው ዋና ምክንያት ቢትኮይን የሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይል ነበር። ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽንም አዘጋጆቹ ተወያይተው ድምፅ ከሰጡ በኋላ በሜይ 2022 በሩን ዘጋ። በመጨረሻው ሙሉ የበጀት ዓመት በክሪፕቶ ያገኘው 130,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከጠቅላላ ገቢው 0.08 በመቶ። ይህን ያህል ክርክር ያስነሣው መጠኑ አይደለም። አዘጋጆቹ ያሰጋቸው ድርጅቱ በእነርሱ ስም ምን እየመሰከረ ነው የሚለው ነበር።

ስጦታን ለብቻው እንመልከት። በክርስትናም ሆነ በእስልምና በስውር የሚሰጥ ምጽዋት ከሚታየው ይበልጥ ይመሰገናል፤ የሰጪው ስም ሲጠፋ ውለታ የሚባለው ሸክም አብሮ ይጠፋልና። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፓይንአፕል ፈንድ ነው። ማንነቱን ያልገለጸ አንድ የቢትኮይን ባለሀብት ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ 55 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለ60 በጎ አድራጊ ድርጅቶች አከፋፈለ። ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በጃንዋሪ 2018 የደረሰው 91.45 ቢትኮይን ሲሆን በጊዜው ዋጋ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሰጪው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በይፋ አይታወቅም፤ ስጦታው በዚህ ምክንያት ምንም አልጎደለበትም።

ነገር ግን በስውር መስጠትና በቢትኮይን መስጠት አንድ አይደሉም። የቢትኮይን መዝገብ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍያ ከየትኛው አድራሻ ወደየትኛው እንደሄደ፣ መቼና ምን ያህል እንደሆነ ሳይፋቅ ይኖራል። አድራሻው ስም አይጻፍበትም። ሰጪው ግን ቢትኮይኑን የገዛው መታወቂያ ከሚጠይቅ መገበያያ ከሆነ ስሙና አድራሻው አንድ ቦታ ተጣምረው ተቀምጠዋል። ባንክ የደንበኛውን ሒሳብ ለጎረቤት አያሳይም፤ ቢትኮይን ስሙን ሸፍኖ ሒሳቡን ለሁሉም ያሳያል። ስቶልማን ራሱ የሚደግፈው ከዚህ የተለየ ሥርዓት ነው፤ ጂኤንዩ ታለር ይባላል። በእርሱ ከፋዩ አይታወቅም፣ ተቀባዩ ግን ለግብር ሰብሳቢ ይታያል፤ ክሪፕቶከረንሲም አይደለም።

አባልነት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ማንኛውም እድር ይህን ያሳያል። በወርሃዊ ስብሰባ ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ ገንዘብ ያዡ መዋጮውን መዝግቦ ይቀበላል። መዋጮውን በሰዓቱ እየከፈለ ለቅሶ ቤት የማይደርስ ሰው ግን ይቀጣል፤ ከበዛም ይሰረዛል። እድር ገንዘቡን የሚፈልገው ለድንኳኑና ለንፍሮው ነው፤ አባሉን የሚፈልገው ደግሞ ሬሳ ለመሸኘትና ከሐዘንተኛ ጋር ለመቀመጥ ነው። ስሙ ያልታወቀ ሰው ለእድር ገንዘብ ሊሰጥ ይችላል፣ ምርቃትም ያገኝበታል፤ የእድር አባል ግን ሊሆን አይችልም። አባልነት ለሌሎች ተጠያቂ መሆን ነው፤ ተጠያቂነት ደግሞ የሚጠራ ስም ይፈልጋል። ለሶፍትዌር ድርጅትም እንዲሁ ነው። አባል ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ሰው በአሥር አድራሻ ከፍሎ አሥር ድምፅ እንዳይኖረው ማጣራት ግድ ይላል፤ ያን ጊዜ ክሪፕቶው በፊት በር ያስወጣው መታወቂያ በኋላ በር ይገባል። አባል ድምፅ የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ «አባልነት» የተባለው በየዓመቱ የሚታደስ ስጦታ ነው፤ ስሙን መለወጥ ይሻል ነበር።

ይህ ልዩነት በጽንሰ ሐሳብ ብቻ አይቀርም። በሳዑዲ ዐረቢያ፣ በሪያድ ሹመይሲ ሠፈር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ይታሰብ። ማታ ስልኩን ከፍቶ ለእናቱ በአማርኛ ይጽፋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ ጽሑፉ በየትኛውም ስልክ ላይ ይነበባል። ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን ፊደል ወይም የኪማንን የአማርኛ ኪቦርድ ያለ ክፍያ ማውረድ ይችላል፤ ሁለቱም በክፍት ፈቃድ የሚሰራጩ ናቸው። ሰውየው ባለውለታ ነው፤ ውለታውን በገንዘብ ልመልስ ቢል ፍላጎቱ ተገቢ ነው። አሜሪካ ያለ ድርጅት የቢትኮይን አድራሻውን ሲለጥፍለት «ባንክ ቢዘጋብህም መንገድ አለህ» እያለው ነው።

መንገዱ ግን ለእርሱ ክፍት አይደለም። የሳዑዲ ዐረቢያ ባለሥልጣናት በኦገስት 2018 ምናባዊ ገንዘቦች በአገሪቱ ሕጋዊ ዕውቅና እንደሌላቸውና በእነርሱ ለመነገድ ፈቃድ ያገኘ አካል እንደሌለ አስጠንቅቀዋል። መዋጮ መሰብሰብም ፈቃድ ላላቸው አካላት ብቻ የተተወ ነው። እዚህ ላይ ክፍያው ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ የቃላት ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። የአባልነት ዋጋ ነው ከተባለ ግዢ ይመስላል፤ ስጦታ ነው ከተባለ ወደ ውጭ የሚላክ መዋጮ ይሆናል። ይህን ለይቶ መልስ የሚሰጠው ከፋዩ እንጂ አሜሪካ ያለው ተቀባይ አይደለም። ወደ አገሩ ቢመለስም ያው ነው፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 የአገሪቱ ገንዘብ ብር መሆኑንና በምናባዊ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ማይኒንግ ኩባንያዎች ኃይል በውጭ ምንዛሪ እየሸጠ ነው። አገሩ ገንዘቡን ለማምረት መብራት ይሸጣል፤ ዜጋው ግን በዚያው ገንዘብ ክፍያ መፈጸም አይፈቀድለትም።

እንግዲህ የሦስተኛ ወገን ክርክር ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው። ካርድ ኩባንያ በሩን ሲዘጋ የሚጎዳው ተቀባዩ ነው፤ ስሙም ጉዳቱም ይታወቃል፣ መክሰስም ይችላል። በክሪፕቶ በሩ ሲከፈት ስጋቱ ወደ ሰጪው ይዞራል፤ ያውም የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር ወደተያያዘበት፣ ጠበቃ ወደሌለው ሰጪ። ተቀባዩ ስጦታው የማይፋቅ መዝገብ ላይ መስፈሩን ሳይነግረው «ስምህ አይታወቅም» ማለቱ፣ ክፋት ባይሆንም ቸልተኝነት ነው።

አባልነትን በተመለከተ የተሻለው መልስ በራሱ በኦፕን ሶርስ ዓለም ውስጥ አስቀድሞ ነበር። በ1993 የተጀመረው የዴቢያን ፕሮጀክት የአባልነት ክፍያ የለውም። አባል ለመሆን የሚፈልግ ሰው ሥራው ይታያል፤ በዲጂታል ፊርማ ቁልፉም ላይ ነባር አባላት ማንነቱን አረጋግጠው ይፈርሙበታል። ግኖም ፋውንዴሽንም አባል የሚያደርገው ለፕሮጀክቱ ሥራ ያበረከተን ነው። ሥራው ኮድ መጻፍ ብቻ አይደለም፤ ትርጉም፣ የተጠቃሚ መመሪያ ማዘጋጀት፣ ስሕተት ማሳወቅ ይቆጠራል። ስለዚህ የቢትኮይን አድራሻ የሚለጥፍ ድርጅት ከአድራሻው ሥር ሁለት ነገር ሊጽፍ ይገባዋል፤ ክፍያው በይፋ መዝገብ ላይ እንደሚቀርና ሰጪው ባለበት አገር ሕግ ሊከለከል እንደሚችል። አባልነትን ደግሞ ከገንዘቡ ለይቶ በሥራ ይስጥ። በሹመይሲ ያለው ባለሙያ የአንድን ፕሮግራም ምናሌ ወደ አማርኛ ቢመልስ የሚያስፈልገው ኢንተርኔትና ጊዜ ነው፤ ሥራውም ከነስሙ ይመዘገብለታል።