«ማቆም አልችልም» ላለ ሰው

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ዶርማችን ውስጥ ሰባት ሆነን አንድ አሮጌ የጀርመን ፊልም አየን። ስሙ «ኤም» ይባላል፤ ፍሪትዝ ላንግ በ1931 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በፈረንጅ ናቸው)። ፊልሙ ሲያልቅ ወደ አልጋው የሄደ ሰው አልነበረም። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተጨቃጨቅን። ያን ሌሊት በአፌ መግለጽ ያቃተኝን እስቲ በጽሑፍ ልሞክረው።

ላላያችሁት ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በርሊን ውስጥ ሕፃናት እየጠፉ ሞተው ይገኛሉ። ኤልሲ የምትባል ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ሰው ከዓይነ ስውር ሻጭ ፊኛ ይገዛላታል። እናቷ ምሳ አቅርባ ትጠብቃለች። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ደረጃው ላይ ወጥታ ትጣራለች። ከዚያ ዳይሬክተሩ የሚያሳየን ባዶውን ደረጃ፣ ያልተነካውን ሳሕን፣ ሣር ላይ ተንከባላ የምትቆም ኳስና ሽቦ ላይ የተያዘ ፊኛ ብቻ ነው። ደም የለም፤ ጩኸት የለም። እኔን ግን እንደዚያች ኳስ ሆዴን ያባባው ፊልም የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ፖሊስ ከተማውን ያምሳል። በአሰሳው ብዛት ሥራቸው የተበላሸባቸው ሌቦችና ማጅራት መቺዎች «እንግዲያው እኛው እንያዘው» ብለው ይነሣሉ፤ ለማኞችን በየመንገዱ ያሰማራሉ። ዓይነ ስውሩ ፊኛ ሻጭ የሰውየውን ፉጨት ያውቀዋል። አንዱ ጐረምሳ በመዳፉ ላይ በጠመኔ «ኤም» የምትለውን ፊደል፣ በእነሱ ቋንቋ የ«ነፍሰ ገዳይ» መነሻን፣ ጽፎ ትከሻው ላይ ያትምበታል። ሰውየው ተይዞ ወደ አንድ የተተወ የአረቄ ፋብሪካ ይወሰዳል። እዚያ ሌቦቹ ችሎት ያስቀምጣሉ፤ ዳኛም፣ ሕዝብም፣ ጠበቃም ሳይቀር አለ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ችሎት ላይ ነው።

ተከሳሹ ሐንስ ቤከርት (ፒተር ሎሬ ነው የሚጫወተው) ተንበርክኮ ይናገራል። እነሱ ቢፈልጉ ስርቆቱን ትተው ሌላ ሥራ መያዝ እንደሚችሉ፣ እሱ ግን ከውስጡ የሚያሳድደውን ነገር ማምለጥ እንደማይችል፣ በየመንገዱ ከራሱ እየሸሸ እንደሚሮጥ ይጮኻል። ዓይኖቹ ሊፈነዱ ይደርሳሉ። ከሌቦቹ መካከል ራሳቸውን የሚነቀንቁ አሉ። ገብቷቸዋል!

የሌቦቹ አለቃ ሽሬንከር ይህን ከሰማ በኋላ ምን አለ? ማቆም እንደማይችል በገዛ አፉ ስለ መሰከረ መወገድ አለበት አለ። ጠበቃው ተነሥቶ ደግሞ፣ ማቆም ካልቻለማ በደለኛ አይደለም፣ በሽተኛ ለሐኪም እንጂ ለሰቃይ አይሰጥም አለ። ልብ በሉ፤ ሁለቱ በነገሩ አልተለያዩም፤ የተለያዩት «ስለዚህ» ከሚለው ቃል በኋላ ነው።

ሕግ የሚያጠናው ጓደኛችን ወዲያው «እኔ ከሽሬንከር ጋር ነኝ» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሽሬንከር ሲናገር ራሴን እየነቀነቅሁ ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ለሞት ቅጣት ከተከራከሩት ፈላስፎች እንደ ካንት የጸና ያለ አይመስለኝም። በ1797 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአንድ ደሴት የሚኖር ሕዝብ ተስማምቶ ሊበተን ቢነሣ እንኳ፣ አስቀድሞ እስር ቤት የቀረውን የመጨረሻ ነፍሰ ገዳይ መግደል አለበት ይላል። ሄግል ደግሞ ወንጀለኛ ሲቀጣ አእምሮ እንዳለው ፍጡር ይከበራል ባይ ነው። የሁለቱም ሐሳብ የቆመው ሰውየው ሊተወው ይችል ነበር በሚለው ላይ ነው። ያን ካነሣንለት ምን ቀረ? ያበደ ውሻ ይገደላል እንጂ አይቀጣም፤ ማንም ሰው ውሻን «ፈረድኩበት» አይልም። ሽሬንከር የዳኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተናገረው ስለ ውሻ ነው። በነገራችን ላይ ጠበቃው እንዳጋለጠው ሽሬንከር ራሱ በሦስት ሰዎች ነፍስ የሚፈለግ ነው። እሱ ግን አውቆ ነው የገደለው፤ በካንት ሚዛን እንግዲህ ማን ነው ለገመድ የሚገባው?

በዚያው ዓመት የዱሰልዶርፉ ነፍሰ ገዳይ ፒተር ኩርተን በእውነተኛ ችሎት ቀርቦ ነበር። አእምሮው ኃላፊነት ይሸከማል ተባለና ሚያዝያ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ሞት ተፈረደበት። (አንድ አንገት ላለው ሰው!) ፊልሙ በታየ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 2 ቀን ኮሎኝ ከተማ በጊሎቲን አንገቱ ተቆረጠ። የዚያ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይስማማን አይስማማን፣ ቢያንስ ጥያቄውን ጠይቋል፤ የተናገረው ስለ ሰው ነው። የሽሬንከር መንገድ ግን ጥያቄውን ራሱን ያስቀረዋል። ከ1940 እስከ 1941 እዚያው አገር ውስጥ ከ70,000 የሚበልጡ የአእምሮ ሕሙማንና አካለ ስንኩላን በመንግሥት ትእዛዝ በጋዝ ተገደሉ። እነዚያ ማንንም አልገደሉም። ይህ የመጣው ከፊልሙ ሐሳብ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በደሉ ሳይጠየቅ «ይህ ሰው ባይኖር ይሻላል» ማለት አንዴ ከተቻለ ወሰኑን ማን ያበጃል? በ1940 ደግሞ ናዚዎች አይሁዳዊ የነበረውን የሎሬን ንግግር ከፊልሙ ቆርጠው በአይሁዶች ላይ በሠሩት የፕሮፓጋንዳ ፊልም ውስጥ ሰኩት።

ሰፈራችን አንድ እብድ ነበር። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የጐረቤት ልጅ ጠፋችና ሰፈርተኛው ዱላ ይዞ መጀመሪያ የሮጠው ወደ እሱ ነው። የት እንደሚያድር ለሰዎቹ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ አመሻሹ ላይ አክስቷ ቤት ተኝታ ተገኘች። እሱ ግን ያን ጊዜ ራሱን ተፈንክቶ አጥር ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ደሙን በእጁ እየነካ ያየዋል። ይቅርታ የጠየቀው ሰው አላስታውስም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ሕጉስ ካንተ ጋር ነው፤ አንጀቴ ግን ከኤልሲ እናት ጋር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የ1949 ዓ.ምህረቱም ሆነ የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚሠራውን የማያውቅ ወይም ራሱን መግታት የማይችል ሰው አይቀጣም ይላል። የኤልሲን እናት ግን በሕግ ማጽናናት አይቻልም። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ቤከርትን ፖሊስ ነጥቆ እውነተኛ ችሎት ፊት ያቀርበዋል፤ ፍርዱን ሳንሰማ ጥቁር የለበሱ እናቶች እናያለን። ይህ ልጆቻችንን አይመልስልንም ትላለች የኤልሲ እናት።

ትናንት ምሳ ሰልፍ ላይ ጓደኛዬ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ቤከርት እኮ ከዚያ በፊት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብቶ የተለቀቀ ሰው ነው፤ ፖሊስ ቤቱን ያገኘው ከሆስፒታል በተለቀቁ ሰዎች ዝርዝር ነው። «ተሽሎታል ብሎ የፈረመለትስ ሐኪም?» አለኝ። ሳሕኔን ይዤ ወደፊት ተራመድኩ። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።