ሽቶው ንጹሕ ነው፤ ጥርኙስ?

ለጁሙዓ ታጥበህ፣ የተሻለውን ልብስህን ለብሰህ ስትወጣ ሽቶ መቀባትህ ሱንና መሆኑን ልነግርህ አያስፈልግም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሽቶ ሲሰጣቸው እንደማይመልሱ ቡኻሪ ዘግበዋል። በመስጂዱ በር የሚሸጠው ወንድማችን ጠርሙሱን ሲከፍት የምንጠይቀውም የታወቀ ነው፤ «አልኮል አለበት?» «የለበትም፤ ከተፈጥሮ የተገኘ ነው፤ ለወንድም ለሴትም ይሆናል» ይለናል። እኛም እጃችንን እንዘረጋለን። (እህቶቻችን ሽቶ ተቀብተው ከቤት ስለ መውጣታቸው ያለው ሕግ ራሱን የቻለ ርዕስ ነውና እዚህ አልገባበትም።)

«ከተፈጥሮ» ሲባል ግን ከምን? ጽጌረዳ ከሆነ አበባ ነው። ዑድ ከሆነ ሻጋታ የመታው እንጨት ነው። ዝባድ ከሆነ ግን ከኋላው ሕይወት ያለው እንስሳ አለ። ዝባድ ደግሞ የሀገራችን ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእናርያ ተነሥቶ በሲራራ ነጋዴ እስከ ምፅዋ ይወርድ ነበር። ጥርኝ በማኖር የታወቁት የጅማና የኢሉባቦር ገበሬዎች ሲሆኑ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወንዱ ጥርኝ ከዱር በወጥመድ ይያዛል። እንደ ቀፎ በረዘመ፣ ዞር ለማለት በማያስችል ጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ይኖራል። ሙቀት ዝባዱን ያበዛል ስለሚባል ከአጠገቡ እሳት አይጠፋም። በየዘጠኝ ወይም በየአሥር ቀኑ ጅራቱና የኋላ እግሮቹ ተይዘው፣ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት ዝባዱ በማንኪያ ይፋቃል። ከዚያም በቀንድ ተሞልቶ ለገበያ ይወጣል።

የሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት ዝባድ ንጹሕ ነው ብለዋል፤ በውስጡ ስለሚገኘው ጸጉር እንኳ ሳይቀር ተነጋግረዋል። ስለዚህ ተቀብቶ መስገድ አያጠያይቅም። እኔም ለዓመታት ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት ይህንኑ ብቻ ነበር። ነገር ግን የዕቃው ንጽሕና አንድ ጥያቄ ነው፤ የተገኘበት መንገድ ሌላ ጥያቄ ነው።

ድመት አስራ ሳታበላም ሳትለቅም በማቆየቷ ስለ ተቀጣችው ሴት የተነገረውን ሐዲስ ታውቃለህ። «ጥርኝ አርቢው ግን ያበላል እኮ! ልጆቹ የማያገኙትን ሥጋ ይሰጠዋል» ትለኛለህ። እውነት ነው። እንስሳ መያዝም በራሱ አልተከለከለም፤ ሕፃኑ አቡ ዑመይር ወፍ ነበረችው፤ ስትሞትበትም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጫወቱት እንጂ አልወቀሱትም። ሆኖም ዕድሜውን ሙሉ ዞሮ መተኛት ያልቻለ እንስሳ፣ ስለበላ ብቻ ሐቁ ተጠብቆለታል ይባላል? እኔ አልልም። ጥፋቱን በገበሬው ላይ መጫንም አልወድም፤ ቀንዱ የሚሞላው ገዢ ስላለ ነው። ጎጆውን ለማስፋት የሚያስፈልገው ጥቂት ተጨማሪ እንጨት ነው፤ ለዚያ የሚሆን ዋጋ የሚጨምርለት ግን የለም።

የሚገርመው ደግሞ የዝባድ ሽታ ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሲቬቶን አሠራሩ ከታወቀ ከ1926 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ዛሬ በፋብሪካ ይሠራል። «ሰው ሠራሽ» ብለን የምንንቀው ሽቶ ማንንም ያላሠቃየ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ባለፈው ጁሙዓ አንድ ወዳጄ ጠርሙስ ሲዘረጋልኝ አልመለስኩም፤ ሱንናው አሳፈረኝ። «ንጹሕ ዝባድ ነው» አለኝ ደስ ብሎት። ተቀባሁ። ከሰላት በኋላ ግን ወደ ሻጩ ሄጄ ጥርኙ እንዴት እንደሚኖር ጠየቅሁት። «ኡስታዝ፣ እኔ ከነጋዴ ነው የምረከበው፤ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለኝ። እየጠበቅሁት ነው።