የፈረስ ሐቅና የልጓም ዋጋ

ለመሆኑ ለጋሪ ፈረስ የሚመች ልጓም መግዛት ያዋጣል? ጥያቄው ለከተሜ ጆሮ ቀልድ ይመስል ይሆናል። «ሰው ጦሙን እያደረ ስለ ፈረስ ምቾት ይወራል እንዴ?» የሚልም አይጠፋም። በአቃቂ በሰቃ አንድ ባለጋሪ ይህንኑ ሳነሳበት፣ «ወንድሜ፣ የልጆቼን ጫማ ሳልቀይር የፈረሴን ልጓም ልቀይር?» ሲል መለሰልኝ። መልሱ እውነት አለው፤ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ይሁን እንጂ የፈረሱ የአፍ ጥግ ቆስሎ ነበር። ቁስሉም እውነት ነው።

ውድ አንባቢያን! በበለጸጉት አገሮች ለግልቢያ ፈረስ የሚሠራ ምቹ ልጓም አለ። ከጆሮ ጀርባ የሚያርፈው ጠፍር ሰፊና ለስላሳ ነው፤ የጆሮን ሥርና በጉንጭ ላይ የሚያልፈውን ነርቭ እንዳይጫን ታስቦበት ይቆረጣል። ዋጋው በመቶ ዶላሮች ሊቆጠር ይችላል። ነገር ግን ውድ ልጓም ያደረገ ፈረስ ሁሉ ተመችቶታል ማለት አይቻልም። ፈረስ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነው፤ የአፍንጫ ማሰሪያው ከጠበቀበት ይጨነቃል፣ መንጋጋውንም እንደልቡ ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 የዚህን ማሰሪያ ጥብቀት የሚለካ መሣሪያ በውድድር ቦታዎች ሥራ ላይ ለማዋል የተገደደው ባለጸጋውም ፈረሱን ስለሚያስጨንቅ ነው። እንግዲያው ጥፋቱን ሁሉ በድህነት ማሳበብ አይቻልም።

ወደ እኛ ጋሪ እንመለስ። ብረቱ የሚያርፈው በፊት ጥርስና በመንጋጋ ጥርስ መካከል፣ ጥርስ በሌለበት ስስ ድድ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው አጥንት ነው። ብረቱ ከዛገ፣ ማሰሪያውም በላብና በአቧራ የደረቀ የናይሎን ገመድ ከሆነ፣ ዛቡ በተሳበ ቁጥር ይልጣል፣ ይቆርጣል። ቁስል ደግሞ የበሽታ በር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶች ተመርምረው 18.8 በመቶዎቹ ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የተባለው በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ከአምስት ፈረሶች አንዱ ማለት ይቻላል። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ በቆሰለ ቆዳ ይገባል፤ በዝንብና ከታመመ ፈረስ ወደ ጤነኛው በሚዘዋወር ዕቃም ይተላለፋል። ፈረሱ ሲወድቅ የልጆቹም እንጀራ አብሮ ይወድቃል።

ይህ የትርፍና ኪሳራ ስሌት ነው። የሐቅ ጥያቄ ግን ከዚህ ያልፋል። ፈረሱ ባይታመምም፣ ባለጋሪው አንድ ሳንቲም ባይከስርም፣ የቆሰለው አፍ ይጠይቀናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የእንስሳን ፊት መምታትም ሆነ መተኮስ ከልክለዋል። እያስራበና እያደከመ የሚያሠራውን ባለቤቱን የከሰሰ ግመል አቤቱታም ሰምተዋል። በ1262 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ ያረፉት ታላቁ ሊቅ ኢዘዲን ቢን አብዱሰላም የእንስሳትን ሐቅ ሲዘረዝሩ፣ አርጅቶ ወይም ታምሞ የማይጠቅመውም ሳይቀር ቀለቡ በባለቤቱ ላይ ግዴታ መሆኑን፣ ከአቅሙ በላይ ሊጫን እንደማይገባም ጽፈዋል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ጥቅሙ የቀረ እንስሳ ሐቁ ካልቀረ፣ «ያዋጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሚዛን ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ሁለት ነገር መለየት ይኖርብናል። ምቾት መጨመር በጎነት ነው፤ የቻለ ያድርገው፣ ያልቻለ አይወቀስም። ጉዳት ማስወገድ ግን ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ ስላልተመቸን አይሰረዝም። ደግነቱ አብዛኛው የዚህ ዕዳ ክፍያ ርካሽ ነው። ገመዱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ መጠቅለል፣ ከሥራ በኋላ ማጠብ፣ የዛገና ሹል ብረት መለወጥ፣ በማሰሪያውና በአፍንጫው መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መተው፣ የአንዱን ፈረስ ዕቃ ለሌላው አለማድረግ፣ የቆሰለውን እስኪሽር ማሳረፍ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጓሙ አሁንም የሚያቆስል ከሆነ፣ ያን ጊዜ ሌላ መግዛት የቅንጦት ስም ሊሰጠው አይገባም።

«የልጆቼን ጫማስ?» ለሚለው አባት ግን ዕዳውን ብቻውን ይሸከም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። አራት ኩንታል ለሚችል ጋሪ ስድስት የሚያስጭነው ነጋዴ፣ በሂሳብ ተከራክሮ ሲያበቃ «ንዳው እንጂ!» የሚለው ተሳፋሪ፣ በዚያ ልጓም የየድርሻውን ይስባል። ዛቡን የጨበጠው አንድ እጅ ቢሆንም የሚቸኩለው ብዙ ሰው ነው። ጋሪ የምንከራይ ሁሉ ጭነቱን ብንቀንስ፣ ክፍያውን ብናስተካክልና የፈረሱን ፊት አየት ብናደርግ፣ ያ አባት ከልጆቹ ጫማና ከፈረሱ አፍ አንዱን ለመምረጥ ባልተገደደ ነበር።

ፈረስ አፍ አለው፣ ግን አይናገርም። አፉን የለጎምነው እኛ ነንና፣ ስለ እርሱ የመናገሩ ግዴታም የእኛው ነው። ወላሁ አዕለም።