ሠላሳ ስድስት ሳንቲም፤ ስለ አንዲት ድምፃዊት አርአያነት የቀረበ ሐተታ

አርአያ የሚለው ቃል «አየ» የሚል ትርጉም ካለው «ርእየ» ከተባለው የግእዝ ግስ የሚወለድ በመሆኑ፣ ሌላውን አርአያ ማድረግ በመሠረቱ እርሱን እያዩ እርሱን ወደ መምሰል መሄድ ነው፤ ስለዚህም ስለ አርአያነት የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ ውሎ አድሮ «አድናቂው በእርግጥ የሚያየው ምንድን ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ይመለሳል። ለቅዱስ፣ ለመምህር ወይም ለጀግና ሲሰጥ የኖረው ይህ ቃል ለፖፕ ዘፋኝ ሲሰጥ ነገሩ ይወሳሰባል፤ የመድረክ ሰው ሥራዋ ራሱ መታየት ነውና አድናቂው «አየሁ» የሚለው ነገር እንዲታይ ተብሎ የተሰናዳ ሊሆን ይችላል። አንድን እምነት ሳይቸኩሉ፣ ሳይቀበሉትም ሳይጥሉትም በጥርጣሬ እየፈተኑ የሚሄዱበት ሐተታ የተባለው ስልት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የሚስማማው ለዚህ ነው፤ እዚህም ሐታቲው፣ ማለትም መርማሪው፣ የራሱን እምነት ሲጠራጠር ይታያል።

እምነቱ ብዙ ሰው ሳይመረምር የሚቀበለው ነው፤ በ2023 በስዊዘርላንድ በ83 ዓመቷ ያረፈችው አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ቲና ተርነር የግል መከራን በማሸነፍ ረገድ ለተጎዳ ሰው ሁሉ አርአያ ናት የሚል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማስረጃውም ታሪኳ ነው። በ1939 በቴነሲ ግዛት አና ሜይ ቡሎክ ተብላ ተወልዳ፣ ነትቡሽ በምትባል ጥጥ በሚመረትባት መንደር አደገች፤ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ማብቂያ በሴንት ሉዊስ ከተማ የአይክ ተርነርን ባንድ ተቀላቀለች። በ1960 የመጀመሪያው ሸክላቸው ሲወጣ «ቲና ተርነር» የሚለውን ስም ያወጣላት አይክ ነበር፤ ስሙንም በንግድ ምልክትነት አስመዘገበው፤ እርሷ ጥላው ብትሄድ ሌላ ሴት አምጥቶ በዚያው ስም ማዘፈን እንዲችል ነው። በ1962 ተጋቡ። የአይክ ዱላ ከጋብቻው በፊት ጀምሮ እስከ 1976 ድረስ ቀጠለ።

በጁላይ 1976 መጀመሪያ ላይ ባልና ሚስቱ ለሙዚቃ ዝግጅት ዳላስ ከተማ ሲገቡ፣ ወደ ሆቴሉ በሚወስዳቸው መኪና ውስጥ መታት፤ ራሷ እንደተረከችው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አጸፋውን መለሰችለት። ሆቴሉ ከደረሱ በኋላ እንቅልፍ እስኪወስደው ጠበቀች፤ ከዚያም ፊቷ እንዳበጠ፣ ደም የነካውን ነጭ ልብሷን ሳትቀይር ሹልክ ብላ ወጣች፤ ከባድ መኪናዎች የሚምዘገዘጉበትንም አውራ ጎዳና በእግሯ አቋርጣ ከማዶ ያለው ራማዳ ኢን የተባለ ሆቴል ገባች። በእጇ የነበረው ሠላሳ ስድስት ሳንቲምና አንድ የነዳጅ መግዣ ካርድ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን አድናቂዎቿ በቃላቸው ያውቁታል። በ1978 ፍቺው ሲጸና ከትዳሩ ይዛ የወጣችው ዋና ነገር ስሟ ነበር፤ ጥላ በመሄዷ በተሰረዙት ዝግጅቶች ሳቢያ የመጣው ዕዳም ተከተላት፤ መንግሥት ለድሆች በሚያድለው የምግብ ኩፖን ኖረች፣ አስጠግተዋት የነበሩ ጓደኞቿንም ቤታቸውን በማጽዳት ትክሳቸው ነበር። በ1984 «ፕራይቬት ዳንሰር» የተባለው አልበሟ ወጥቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱም በ44 ዓመቷ የአሜሪካን የዘፈን ሰንጠረዥ አናት ላይ አወጣት። በ1988 ሪዮ ዲ ጄኔሮ በሚገኘው ማራካና ስታዲየም 180 ሺህ ያህል ሰው ፊት ዘፈነች።

የሐታቲው የመጀመሪያ ጥርጣሬ የሚነሣው ከማወቅ ነው። አድናቂው ይህችን ሴት ያውቃታልን? በ1956 ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን፣ ተመልካች በቴሌቪዥን ብቻ ከሚያየው ሰው ጋር የሚመሠርተውን ቅርበት መርምረው ስም አውጥተውለት ነበር፤ በአማርኛ «የአንድ ወገን ትውውቅ» ቢባል ይስማማዋል፤ አንደኛው ሌላውን እንደ ጎረቤቱ የሚያውቅ ሲመስለው፣ ሌላው ግን የእርሱን በሕይወት መኖር እንኳ አያውቅም። ይህ ሐሳብ በቲና ተርነር ሲፈተን ውጤቱ ለአድናቂው የሚያኮራ አይደለም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ መድረክ ላይ ያያት ሰው ሁሉ ያየው የማይደክም ጉልበት፣ ሳቅና ጭፈራ ነው፤ በመኳኳያ የተሸፈነውን ያበጠ ዓይን ማንም አላየም፤ መንጋጋዋ ተሰብሮ ደም እየዋጠች የዘፈነችበትን ምሽት ያጨበጨበ ሕዝብም ያየው ያንኑ ጉልበት ነው። እንዲያውም ያኔ «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት!» ያለ ሰው ትክክል የተናገረው በስሕተት ነበር፤ ጥንካሬው ነበረ፣ የነበረበት ቦታ ግን እርሱ ካየው ቦታ ውጭ ነው።

እንግዲህ አርአያነቷ ከማየት ካልመጣ ከየት መጣ? ከመስማት ነው፤ ራሷ ተናግራ። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሌላ ቋንቋ በቀላሉ የማያገኘው ቃል አለው፤ ገበና። ገበና ማለት የቤት ምስጢር ብቻ ሳይሆን፣ ቢገለጥ ተናጋሪውንም ጭምር የሚያሳፍር፣ ስለዚህም ተጎጂው ራሱ እንዲሸፍነው የሚጠበቅበት ነገር ነው። ባል ሚስቱን ሲደበድብ ገበናው የማን ነው ቢባል፣ መልሱ የአድራጊው መሆን ሲገባው በተለምዶ የሁለቱም ሆኖ ይቆጠራል፤ ሽማግሌም የሚላከው ብዙ ጊዜ በደሉን ለመመርመር ሳይሆን ክዳኑን መልሶ ለመግጠም ነው። ቲና ተርነር በ1981 ለአንድ መጽሔት በሰጠችው ቃለ ምልልስ፣ በኋላም በ1986 ከጋዜጠኛው ከርት ሎደር ጋር ባሳተመችው ግለ ታሪክ ይህን ክዳን አነሣችው። ሐታቲው እዚህ ላይ እምነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተካክላል፤ አርአያ የምትባለው ዘፋኟ ሳትሆን ተናጋሪዋ ናት።

ነገር ግን ተናጋሪም ይታመናልን? በ1999 አይክ ተርነር የራሱን ታሪክ ሲያሳትም በጥፊ መምታቱን፣ መማታታቸውንም አምኖ ደበደባት የሚለውን ግን ክዷል። የሁለቱን ቃል አንዱን ላንዱ አስይዞ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ነገር እንግዳ ነው፤ ሁለቱ የሚለያዩት በድርጊቱ ሳይሆን በግሱ ነው፤ መምታት የት አልቆ መደብደብ የት እንደሚጀምር የሚወስነው ማን ነው? ይህን ከማለት በቀር ሐታቲው በዚህ ጥርጣሬ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ተከሳሹ ራሱ ያመነው ብቻ ከሆቴል ሸሽቶ ለመውጣት በቂ ምክንያት ነውና።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ይበልጥ ይከብዳል፤ የሚመለከተውም «ማሸነፍ» የሚለውን ቃል ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ጽሑፍ ትውፊት ውስጥ የቅዱሳን ታሪክ ገድል ይባላል፤ ቃሉ ከመጋደል የመጣ ነው፤ ቅዱሱ ይፈተናል፣ ይጋደላል፣ በመጨረሻም ቃል ኪዳን ይቀበላል። ቃል ኪዳኑ ለቅዱሱ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ስሙን ለሚጠራ፣ ገድሉን ለሚያነብና ለሚያስነብብ ሁሉ ይደርሳል። የቲና ተርነር ታሪክ ሲነገር ሳይታወቅ ይህንኑ ቅርጽ ይዟል፤ መከራ፣ ሽሽት፣ የምግብ ኩፖን፣ ከዚያም ማራካና። የጎደለው አንድ ነገር ቃል ኪዳኑ ነው፤ «እንደ እርሷ የወጣች ሁሉ እንደ እርሷ ትከብራለች» የሚል ማረጋገጫ የሰጠ የለም። በ1976 በሌሎች ከተሞች ሳንቲም ቆጥረው ከቤት የወጡ፣ ድምፅ የሌላቸው፣ እንደ እርሷ ወኪል እንደ ሮጀር ዴቪስ ያለ ሰው ያልገጠማቸው፣ ለንደን ውስጥ አልበም የሚሠራላቸው ያላገኙ ሴቶች ነበሩ፤ ታሪካቸው አልተጻፈም። ከተረፉት መካከል ታዋቂውን ብቻ አይቶ መንገዱ ደኅና ነው ማለት፣ ወንዙን የተሻገረውን ጠይቆ የጥልቀቱን ልክ እንደ መፍረድ ይሆናል።

የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በ1977 ባቀረበው ጽንሰ ሐሳብ ሰው «እችላለሁ» የሚል እምነት ከሚያገኝባቸው ምንጮች አንዱ ሌላው ሲችል ማየት መሆኑን ገልጾ፣ ይህም ይበልጥ የሚሠራው የሚታየው ሰው ተመልካቹን ሲመስል እንደሆነ አክሏል። ማራካና ላይ የቆመችው ሴት ማንንም አትመስልም። ሐታቲው ስለዚህ ወደ ኋላ ይመለስና ከታሪኩ ውስጥ ተራ ሰው የሚመስላትን ቦታ ይፈልጋል፤ ያገኘውም ከ1984 ሳይሆን ከ1976 ነው። በዚያች ምሽት ድምፅዋ ምንም አልጠቀማትም፤ ዝናዋም ቢሆን ፊቷ አብጦ ስትታይ ይበልጥ የሚያሳፍራት ነገር ነበር። ጎዳና ለመሻገር መዝፈን አያስፈልግም።

ድሉም ቢሆን ድሮ ተፈጽሞ ያለቀ ነገር አልነበረም። በ2013 የአንጎል ምት፣ በ2016 የአንጀት ካንሰር ደረሰባት፤ በ2017 ባለቤቷ ኤርዊን ባክ ኩላሊቱን ሰጣት፤ በ2018 የበኩር ልጇ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። የኩላሊቷ ነገር በተለይ አርአያን በጅምላ መከተል ምን እንደሚያስከትል ያሳያል፤ የደም ግፊት መድኃኒቷን ትታ ሆሚዮፓቲ ወደሚባለው፣ እጅግ በቀጠኑ ቅመሞች ወደሚያክመው አማራጭ ሕክምና በመዞሯ ጉዳቱ እንደባሰባት ራሷ ተናግራለች፤ በማርች 2023፣ ከማረፏ ሁለት ወር አስቀድሞ፣ በየቀኑ መድኃኒት መውሰድ እንደሚገባት መቀበል እምቢ ብላ ራሷን ለአደጋ እንዳጋለጠች በይፋ ጻፈች። አንዲት አድናቂ ጎዳናውን መሻገሯን እንጂ መድኃኒቱን መተዋን እንዳትወርስ ማን ይለይላታል? ሐታቲው የሚያስተውለው መለያውን ያቀበለችው ራሷ ድምፃዊቷ መሆኗን ነው፤ ስሕተቷን የነገረችው ድብደባውን በነገረችበት አንደበት ነው። ገድል የሚጽፍ ሰው ይህን ምዕራፍ ይዘለው ነበር።

እስከዚህ ድረስ የተመረመረው አድናቂው የሚያገኘው ነገር ነው፤ ሦስተኛው ጥርጣሬ ግን ማን እንደሚከፍል ይጠይቃል፤ ሐታቲውም ሳይወድ የገባበት ነው። የ1981ዱ ቃለ ምልልስ የተሰጠበት ምክንያት ማንንም ለማስተማር አልነበረም፤ ስለ አይክ መጠየቁ ሰልችቷት፣ አንድ ጊዜ ተናግራ ለመገላገል ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ከተናገረች በኋላ ጥያቄው በረታ። ከመጽሐፉ በ1993 ፊልም ተሠራ፤ በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ለጋዜጠኞች ቀርባ ፊልሙን እንዳላየችው፣ ያንን ሁሉ ድብደባ እንደገና ማየት እንደማትፈልግ ተናገረች፤ አጠገቧ የተቀመጠችው እርሷን ሆና የተወነችው አንጄላ ባሴት ነበረች። በ2021 የወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይም የምትታየው ታሪኩን ለመጨረሻ ጊዜ ተናግራ ልትሰናበት የምትፈልግ ሴት ናት። አርባ ዓመት ሙሉ «እንዴት ወጣሽ?» የተባለች ሴት በምን ሂሳብ ወጣች ይባላል? የአድናቂው ጥያቄ ከፍቅር የመነጨ መሆኑ እውነት ነው፤ ቁስልን በፍቅር መነካካት ግን ሕመሙን አይቀንሰውም። አድናቂነት ያለዚህ ዓይነት ጭካኔ ይቻል እንደሆነ ሐታቲው እርግጠኛ አይደለም፤ ምናልባት የሚቻለው አድናቂው አንድ ጊዜ ሰምቶ ዝም ማለት ሲችል ይሆናል።

የቀረውን ሲሰበስብ ከመጀመሪያው እምነት በእጁ የሚገኘው ሁለት ትንንሽ ነገር ነው፤ የተሻገረችው ጎዳናና በፍርድ ቤት ይዛ የወጣችው ስም። ስሙ ሊያስራት የተሠራ ነበር፤ እርሷ ግን ለውጣ ወደ አና ሜይ አልተመለሰችም፤ በግፈኛ የተሰጠን ስም ጥሎ መሄድ ነው ወይስ በራስ ሥራ ሞልቶ የራስ ማድረግ ነው ነፃነት የሚባለው የሚለው ለብቻው ሌላ ሐተታ ይወጣዋል። ጎዳናው ግን ወደ አንድ ቦታ ይመራል፤ ሐታቲው ታሪኩን ደጋግሞ ሲያነብ ያልፈው ወደነበረ ቦታ። ራማዳ ኢን ስትገባ የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ አገኘችው፤ ከባሏ መጣላቷን፣ ገንዘብ እንደሌላት፣ በኋላ ግን እንደምትከፍል ነገረችው። ሰውየው ያበጠ ፊቷን አየ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት አልጠየቀም፣ ባሏን አልጠራም፣ ሽማግሌ አልላከም፤ ክፍል ሰጣት፣ ጠባቂም አቆመላት። ያን ሰው አርአያዬ ብሎ ምስሉን ግድግዳው ላይ የሰቀለ ማንም የለም።