ሕዝቅያስ የሰበረው ናስ

በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 የይሁዳው ንጉሥ ሕዝቅያስ የፈጸመው ነገር በአንዲት ቁጥር ተጽፎ ይታለፋል። የኮረብታ መስገጃዎችን አስወገደ፣ ሐውልቶችን ሰባበረ፤ ሙሴ የሠራውንም የናስ እባብ ቀጠቀጠ። የፊተኞቹ ሁለቱ ከማንኛውም ሃይማኖተኛ ንጉሥ የሚጠበቁ ናቸው። የመጨረሻው ግን ቆም አድርጎ ያሳስባል፤ ያ እባብ ጣዖት እንዲሆን አልተሠራምና። በዘኍልቍ ምዕራፍ 21 እንደተተረከው፣ ሕዝቡ በምድረ በዳ በእባብ እየተነደፈ ሲያልቅ ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የናስ እባብ ሠርቶ ሰቀለ፤ የተነደፈውም ወደ እርሱ እየተመለከተ ዳነ። እንግዲህ ሕዝቅያስ የሰበረው ፈጣሪ ያዘዘውን፣ ነቢይ የሠራውን፣ ነፍስ ያተረፈውን ነገር ነው። የሰበረውም ሕዝቡ እስከዚያ ዘመን ድረስ ያጥንለት ስለነበር ነው።

ለሰው መተው የሚከብደው ክፉው ነገር አይመስለኝም፤ ሥራውን ጨርሶ በቦታው የቀረው ደግ ነገር ይብሳል። ከሕዝቅያስ ብዙ ዘመን በፊት የነበረው የይሁዳ ንጉሥ አሳ በመልካምነቱ የተመሰገነ ነው። ጣዖታትን አስወግዷል፤ እናቱን መዓካን እንኳ ስለ ጣዖቷ ከእቴጌነት ሽሮ ምስሏን አቃጥሏል። እናቱን ለመሻር ያልፈራ ሰው ባለበት ዘመን የናሱ እባብ ሳይነካ አለፈ። ክፋቱ የታወቀን ነገር ለመጣል ድፍረት ይበቃል። ባለውለታን ለመሰናበት ግን ውለታው በጊዜው እንደተፈጸመ አምኖ መቀበል ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ አመስጋኝ ልብን ያስጨንቃል። ለምሳሌ ጠብ በማይጠፋበት ቤት ያደገ ልጅ ዝም ማለትን ይማራል፤ ዝምታው ከዱላ ያድነዋል። አድጎ ትዳር ሲይዝ ያው ዝምታ ሚስቱን ከደጅ ያስቀራታል። ልጁን ያዳነው ዝምታ ባልየውን ብቸኛ አደረገው፤ እርሱ ግን ስላዳነው ብቻ እንደ ጠባቂው ይዞት ይኖራል።

«የማይጠቅምህን ተው» የሚለው ምክር አደገኛ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ስጋታቸውን እጋራለሁ። ጥቅም መለኪያ ከሆነ አልጋ ላይ የዋለ አባት፣ የታመመች ሚስት፣ የከበደ ቃል ኪዳን ሁሉ ሊጣሉ ነው። የሕዝቅያስ መለኪያ ግን የራሱ ጥቅም አልነበረም። የጠየቀው ነገሩ ለተሰጠበት ዓላማ ይሠራል ወይ ብሎ ነው። ለዚህም ማስረጃው ያው ንጉሥ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት ተዘግቶ የነበረውን የቤተ መቅደስ ደጅ መክፈቱና ፋሲካን በኢየሩሳሌም ማስከበሩ ነው። እባቡን የሰበረውና ደጁን የከፈተው አንድ እጅ ነው። አባትም ሚስትም ለአንድ ተግባር የተሰጡን መሣሪያ ስላልሆኑ፣ «ሥራቸው አለቀ» የምንልበት ቀን የለም።

ሌላው ተቃውሞ እባቡን መስበር የአባቶችን ሥራ መናቅ ነው የሚል ነው። ነገር ግን ለምስል መስገድን የከለከለው ሕግ የመጣው በሙሴ በራሱ እጅ ነው፤ ናሱን ለማቆየት ሲባል ሕጉን መጣስ ሙሴን ማክበር ሊሆን አይችልም። ደግሞም ናሱ ሲሰበር ትርጉሙ አልጠፋም። ከ700 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ጌታችን ለኒቆዲሞስ ስለ ራሱ መሰቀል ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው ያንኑ እባብ ነው።

ይህ የሕዝቅያስ መለኪያ በእኛም ደጅ ይሠራል፤ ተዝካርን ማለቴ ነው። ቤተ ክርስቲያን በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ ሟችን በጸሎትና በቅዳሴ ታስባለች፤ በስሙም ነዳያን እንዲበሉ ታስተምራለች። ይህ ደግ ሥርዓት ነው። በብዙ ቦታ ግን ባሏን የቀበረች የገበሬ ሚስት እንባዋ ሳይደርቅ ብቅል ታስፈጫለች፣ ጌሾ ታስወቅጣለች፣ የእርሻውን በሬ ታሳርዳለች፤ የጎደለውን በአራጣ ትሞላለች። ዳሱ ውስጥ የሚቀመጠው እቤቱም የሚበላው ያለው ሰው ነው፤ ነዳያኑ ውጭ ቆመው ትራፊ ይጠብቃሉ። ድግሱ ዘመድን ያሰባስባል፣ ሐዘንተኛን ያጽናናል የሚለውን ክርክር አልንቀውም። የሚያጽናናት ግን የሰዎቹ መምጣት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቡናና ንፍሮ ይበቃል። ድግሱን ብዙ ጊዜ የሚያስወጣው «ተዝካሩን ሳታወጣለት ቀረች» መባልን መፍራት ነው። ሟቹ ደግሞ ከዚህ ፍርሃት የሚያገኘው አንዳች ነገር የለም።

ስለዚህ ሐዘን የገባበት ቤት ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የንስሐ አባቶች ሆይ፣ ቃሉ ከእናንተ ይጀምር። እርሷ ብቻዋን እምቢ ማለት አትችልምና «አታስደግሺ» በሏት። የሟቹን ስም በቅዳሴው አስጠሩ፣ በስሙ የተራበ አብሉ፤ በሬውን ግን ለልጆቹ ተዉላቸው።