ልብ ሳንል

የደብረ ብርሃን መናኸሪያ የጠዋት ብርድ አያድርስ ነው። ወደ አንኮበር የምትሄደው አውቶቡስ እስክትሞላ፣ ሁላችንም በየጋቢያችንና በየካፖርታችን ተሸጉጠን ስንጠብቅ ሁለት ወጣቶች ገቡ። አንደኛው ላስቲክ የተለበጠ ትልቅ ፎቶግራፍ አንግቷል። ሌላው ማኅተም ያለበት የሆስፒታል ደብዳቤና የብር መሰብሰቢያ ካርቶን ይዟል። «ወገኖቼ፣ ይህች እህታችን የልብ ሕመምተኛ ናት። ቀዶ ሕክምና ካላገኘች...» ቀሪውን እናንተም ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባም ሆነ ደሴ፣ ያልሰማው የለም።

ሃምሳ ብር አወጣሁና ካርቶኑ ውስጥ ጣል አደረግሁ። ካርቶኑ አጠገቤ ከተቀመጡት ሰው ዘንድ ሲደርስ ግን እጃቸውን ከጋቢያቸው ሳያወጡ በአንገታቸው አሳለፉት። ወጣቶቹ ከወረዱ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«አይቆጡኝና ጌታዬ፣ ገንዘብዎን ያለቦታው ነው የጣሉት።»

«ምነው? አጭበርባሪዎች ናቸው ብለው ነው?»

«የለም፣ እውነታቸውን ይሆናል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። የእኛ አገር ልጆች የልብ በሽታ እኮ አብዛኛው ከጉሮሮ ነው የሚነሳው። የአንዷን ልብ ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ ለስንት ሕፃናት የጉሮሮ መድኃኒት ይገዛ ነበር? እስቲ ያስሉት። አንዷን አድነን ሺውን ብንተው ጽድቁ ምኑ ላይ ነው?»

ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ስለ ልቦለድና ስለ ቴአትር ስለፈልፍ የኖርኩ ሰውዬ መልስ አጣሁ። አንደበቴን የያዘው ደግሞ የክርክሩ ክብደት ብቻ አልነበረም። እኔ ራሴ አንኮበር የምሄደው ልቧ የታመመ ልጅ ልጠይቅ ነው።

የአክስቴ ልጅ ልጅ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ለጥምቀት ሄጄ ቤታቸው አርፌ ነበር። ልጅቷ ያኔ 11 ዓመቷ ነው። ጉሮሮዋን አሟት፣ ትኩሳት ይዟት፣ ምድጃው ጥግ ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች። ምራቋን መዋጥ እንኳ አቅቷታል። አንዲት ጎረቤት አይተዋት «እንጥሏ ወርዶ ነው፤ አዋቂ ፈልጉና ይቁረጥላት» አሉ። ይኼኔ ተነሣሁ። «በዚህ ዘመን እንጥል ይቆረጣል ወይ? ደም ፈሷት ብትሞትስ?» ብዬ ተቆጥቼ አስጣልኩ። እንደ ተማረ ሰው፣ እንደ ሠለጠነ ሰው፣ ደረቴ ነፋ አለ።

እናቷ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ እንግዲያው ጤና ጣቢያ ልውሰዳት ይሆን?»

«ተይ፣ ብርዱ ነው። ማርና ነጭ ሽንኩርት ስጫት፤ በሦስት ቀን ይለቃታል» አልኳት።

እውነትም በሦስት ቀን ለቀቃት። የበሽታው ተንኮል ይኸው ነው።

ነገሩን ኋላ ከሐኪሞች እንደተማርኩት ላስረዳ። የጉሮሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ የሚመጣና በራሱ የሚያልፍ ነው። አንዱ ዓይነት ግን ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። ሰውነት ይህን ጠላት ለመውጋት ጦር ያዘምታል። በአንዳንድ ልጆች ላይ ጦሩ ጠላትንና ወገንን መለየት ይሳነውና የገዛ ልቡን ይወጋል። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ዛሬ ጉልበት፣ ነገ ቁርጭምጭሚት ይላል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ባገረሸ ቁጥር ቫልቭ የሚባሉትን የልብ በሮች እያቆሰለ፣ እያጠበበና እያጣበቀ ይሄዳል። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው፤ የሚወደውም ብዙ ሰው ተፋፍጎ የሚተኛበትን ቤት ነው። የጉሮሮው ሕመም ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ የሩማቲክ ትኩሳቱን ማስቀረት ይቻላል። አንዴ የያዘውንም ልጅ በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት በሚወጋ መርፌ እንዳያገረሽበት መጠበቅ ይቻላል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ይመስላል።

የእኛዋ ልጅ ጉልበቷን ሲያማት «ቁርጥማት ነው» ተባለ። ቆይቶ የአንኮበርን ዳገት መውጣት ሲያቅታት «ሰነፈች» ተባለ። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዳ ተጠመቀች። ከጠበሉ ስትመለስ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ደብረ ብርሃን ተወሰደች፤ ከዚያ አዲስ አበባ። በግራ የልቧ ክፍል ያለው በር ጠቧል፤ ያፈስሳልም።

አማርኛችን ስለ ልብ ብዙ ያውቃል። ልብ በል፣ ልብ አድርግ፣ ልበ ቢስ እንላለን። እኔ ያን ቀን ልብ አላልኩም። ስለዚህ የሒሳብ አስተማሪው ስለ ጉሮሮ መድኃኒት ሲናገሩ ስለ እኔ የሚናገሩ መሰለኝ።

በአውቶቡሱ መስኮት ተራራውን እያየሁ ሌላ ሰው ትዝ አለኝ። አፄ ምኒልክ የተወለዱት ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በአንጎለላ ነው፤ የሸዋ ንጉሥ ሆነው የኖሩትም እዚሁ አንኮበር ላይ ነው። በመጨረሻ ዘመናቸው የአንጎል የደም ሥር በሽታ፣ ዛሬ ስትሮክ የምንለው፣ ደጋግሞ መታቸው። አካላቸው ታሰረ፤ አንደበታቸው ተያዘ። የፈረንጅ ሐኪሞች በዙሪያቸው ነበሩ፤ ዘውድና ግምጃ ቤት ነበራቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። በእሳቸው ሞት ማንም አይወቀስም። መድኃኒቱ በዓለም ላይ አልነበረምና «የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ ማልቀስ ተገቢ ነበር።

ኋላ ግን ዓለም ተለወጠች። እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን ጊቦን የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ፊላዴልፊያ ላይ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብና ሳንባ የሚሠሩትን ሥራ ለ26 ደቂቃ ለማሽን ሰጥቶ፣ በልቧ ውስጥ የነበረውን ቀዳዳ ዘጋው። ከዚያች ቀን ወዲህ የልብ በሽታ ሞት እንደ ድሮው ንጹሕ ዕጣ ፈንታ አይደለም። መዳኛው አለ፤ ጥያቄው የት አለ፣ ለማን አለ የሚለው ሆነ።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል። በዘመናዊ መንገድ ከሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ቀዳሚው የሚባሉ ሰው ናቸው፤ የስንቱን ሐኪም እጅ ያፍታቱ መምህር። እስር ላይ ሳሉ ልባቸው ታመመ። ለሕክምና ባሕር ማዶ የተሻገሩት በ1991 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 6 ቀን እዚያችው ፊላዴልፊያ አረፉ። እነሆ መዳኛው በዓለም ላይ ነበረ፤ እኛ ዘንድ ግን ለቀዶ ሕክምና መምህራችን እንኳ የሚሆን የልብ ማዕከል አልነበረም።

እሱም መጣ። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር መሠረቱ፤ ሕፃናትን ወደ ውጭ እየላኩ አሳከሙ። «አንድ ብር ለአንድ ልብ» የተባለው ዘመቻ ስንቱን ተማሪ፣ ስንቱን ደመወዝተኛ ኪሱን አስዳሰሰው። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ሥራ ጀመረ። ለዓመታት ከውጭ በሚመጡ በጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ኋላ የእኛው ልጆች ራሳቸው ደረት ከፍተው መሥራት ቻሉ። ይህ የሚያኮራ ነው። ግን ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ናቸው። የእኛዋ ልጅ ከነዚያ ሺዎች አንዷ ናት። መዳኛው አገራችን ገብቷል፤ እሷ ዘንድ አልደረሰም።

ቢደርስስ? አንድ ሐኪም፣ እግዜር ይስጠውና፣ እናቷን አስቀምጦ አማራጮቹን አስረዳት። ደረት ሳይከፈት፣ በብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ልብ ውስጥ ፊኛ ነፍቶ የጠበበውን በር ማስፋት ይቻላል። ጃፓናዊው ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ነገር ግን በሩ ክፉኛ የሚያፈስስ ከሆነ አይሆንም፤ የእሷ ደግሞ ያፈስሳል። ሁለተኛው ደረት ከፍቶ የራሷን ቫልቭ መጠገን ነው፤ ከተቻለ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ካልተቻለ ይቀየራል። ሰዉ «የብረት» የሚለው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ግን ዕድሜ ልክ በየቀኑ ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይፈልጋል፤ ደሟም በየጊዜው መመርመር አለበት። መድኃኒቱ ሲበዛ ያደማል፤ ሲያንስ ደም ይረጋል። ስታረግዝ ደግሞ ለእሷም ለጽንሱም አስጊ ነው። ከእንስሳ አካል የሚሠራው ቫልቭ ይህን የዕድሜ ልክ መድኃኒት አይፈልግም፤ በወጣት ልብ ላይ ግን ቶሎ ያረጅና ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

«ከየትኛው እንስሳ ነው የሚሠራው?» አለች እናቷ።

«ከከብትም አለ፣ ከአሳማም አለ።»

«እንግዲያው እባክህ ልጄ፣ የከብቱን አድርጉልን።»

ሐኪሙ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ሳቁ አልቆየም። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ማን ዋስ ይሆናል? የመጀመሪያውን መቼ አገኘንና! የብረቱ ይሁን ቢባል የደም ምርመራው የት ነው? ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዕድሜ ልክ መመላለስ ነው። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ለዚህች ልጅ ቫልቭ የሚመርጥላት ሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ መንገዱና የአውቶቡስ ሒሳቡም ይመርጡላታል። «አማራጭ» የምንለው ቃል በደጋው ላይ ሌላ ትርጉም አለው።

እንግዲህ ለሒሳብ አስተማሪው የምሰጠው መልስ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ሒሳባቸው ልክ ነው። የአገር በጀት የሚያወጣ ሰው ፔኒሲሊንን ረስቶ ማሽን ብቻ ቢገዛ ይፈረድበታል። ጤና ጣቢያዎች መርፌው ሳይጠፋ፣ ባለሙያው ሳይሰለች እንዲሠሩ ማድረግ ከሁሉ ይቀድማል። ግን ሒሳቡ ቦታ አለው። አስተማሪው በጋቢያቸው ውስጥ ያስቀሯት ብር ፔኒሲሊን ልትገዛ አልሄደችም። ጎረቤላ ስንደርስ ሻይ ጠጡባት። እኔም አብሬያቸው ጠጥቻለሁ። ለብዙኃን ባለማድረጋችን ላይ ለአንዷም አለማድረግን ስንጨምር ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ይህን የሒሳብ ሰው አያጣውም።

ሁለተኛው መልሴ ይከብዳል። እኚህ ሰውና እኔ የተከራከርነው ቀዶ ሕክምናውን ምጽዋት አድርገን ነው። ምጽዋት ከሆነ ለማን ልስጥ፣ ለስንት ልስጥ ብሎ መመዘን ይቻላል። ያቺ ፎቶግራፏ በአውቶቡስ የሚዞር ልጅ ግን፣ በሽታዋ ከጉሮሮ የመጣ ከሆነ፣ በ9 ቀን ውስጥ አንድ መርፌ ያልደረሳት ልጅ ናት። መርፌው በዓለም ላይ ነበር፤ አገር ውስጥ ነበር፤ ምናልባት የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። ያላደረስነው እኛ ነን፦ መንግሥቱ፣ ጎረቤቱ፣ «ብርዱ ነው» ያለው የተማረ ዘመድ። ስለዚህ ዛሬ የምንሰጣት ምጽዋት አይደለም፤ ቀኑ ያለፈበት ዕዳ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ አበዳሪውን «ባንተ ገንዘብ ለሌሎች ብዙ ደግ ልሠራበት እችላለሁ» ብሎ ሊያሰናብተው አይችልም።

እርግጥ ይህ አባባል አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ቀዳዳ ልብ ይዞ የተወለደው ሕፃንስ? የእሱ የማንም ጥፋት አይደለምና ዕዳ የለብንም ማለት ነው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ለምኒልክ ያልነበረው መዳኛ ከተገኘ በኋላ ሕፃኑን ዝም ብሎ ማየትም ከጥፋት ይቆጠራል። የዕዳው መጠን ይለያይ ይሆናል። ወረፋው ላይ ግን ሁለቱም ልጆች ናቸው፤ ማን ይቅደም የሚለውን የሕመማቸው ክብደት እንጂ የእኛ ጸጸት መወሰን የለበትም። የእኔዋን ልጅ ለማስቀደም የማውቀውን ሰው ሁሉ ልደውልለት ስልክ አንሥቼ አውቃለሁ። አንዷን ሳስቀድም ስሟን የማላውቃት ሌላ ልጅ ወደ ኋላ እንደምትገፋ ሳስብ ስልኩን አስቀመጥኩት። ልክ ሠርቼ ይሆን? ዛሬም አላረፍኩበትም፤ እናቷም ብትሰማ ይቅር የምትለኝ አይመስለኝም።

የዚያን ቀን ከጎረቤላ ወጥቼ ቤታቸው ስደርስ ልጅቷ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣ ነበር። በየአራት ሳምንቱ የሚወጋውን መርፌዋን ባለፈው ሳምንት ወስዳለች። ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ታናሽ ወንድሟ ደግሞ አንገቱን በነጠላ ጠቅልሎ ተኝቷል።

«ምን ሆነ?» አልኳት እናቱን።

«ትናንት ጉሮሮዬን አለ። ወዲያው ጤና ጣቢያ ወስጄ አስወጋሁት።»

አላማከረችኝም። ደስ አለኝ፤ አፈርኩም።